የትከሻ ስብራትና የጅማት ጉዳት፦ ከአደጋው ሰዓት ጀምሮ ጋቢ እስከ መደረብ

አጎቴ ከባጃጅ የወደቀው በክረምት ነው። ራጅ ተነሳ። "ትንሽ ስንጥቅ ናት፣ ትገጥማለች" ተባለ። ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስድስት ሳምንት ተቀመጠ። አጥንቱ እውነትም ገጠመ። ጋቢውን ልደርብ ሲል ግን ክንዱ ከደረቱ በላይ አልወጣም። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሌላ ከተማ ስለምኖር ያየሁት በሦስተኛው ወር ነበር። እስከዚያ ድረስ አጥንቱን ሁሉም አይቶለታል፤ ጅማቱን ያየለት ሰው አልነበረም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለተጎጂውም ለአስታማሚውም ነው። ሐኪምዎን አይተካም። ሐኪምዎን ምን እንደሚጠይቁ ግን ያሳውቅዎታል።

መጀመሪያ፣ ምኑ ነው የተሰበረው?

ሰው "ትከሻዬ ተሰበረ" ሲል ብዙ ጊዜ የተሰበረው የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ ነው። ይህ አጥንት ጫፉ ላይ ክብ ራስ አለው። ከራሱ ጎን ሁለት ጉብታዎች አሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ጀርባ ላይ ካለው ሰፊ የትከሻ አጥንት የሚነሱ አራት ጡንቻዎች ደግሞ እነዚህ ጉብታዎች ላይ በጅማት ይያያዛሉ። ሦስቱ ትልቁ ላይ፣ አንዱ ትንሹ ላይ። ክንድን ከፍ ማድረግና ማዞር የሚቻለው በእነሱ ነው።

ስለዚህ ትልቁ ጉብታ ሲሰበር ጅማቱ ቁራጩን ይዞት ይሄዳል። ወደ ላይና ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በዚህ ጊዜ የአጥንቱ ስብራትና የጅማቱ ጉዳት አንድ ነገር ናቸው። ሌላም ዓይነት አለ። አጥንቱ ብዙም ሳይጎዳ ጅማቱ ራሱ ይቀደዳል። ይህ በተለይ ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ሰዎች ትከሻቸው ሲወልቅ ይደርሳል። ራጅ ጅማትን አያሳይም። የአጎቴ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያው ሰዓት

ክንዱን ባለበት ሁኔታ ይያዙት። አይጎትቱ፣ አያሹ፣ "ልመልሰው" አይበሉ። አጥንቱ ከክብ ራሱ ሥር፣ አንገቱ በሚባለው ቦታ ላይ ተሰብሮ ከሆነ የወለቀ መስሎት የሚጎትት ሰው ያልተንቀሳቀሰውን ስብራት ያንቀሳቅሰዋል። ነርቭ ወይም ደም ሥር ሊጎዳም ይችላል።

ነጠላ ወይም ሻሽ በሦስት ማዕዘን አጥፈው ክንዱን አንገት ላይ ያንግቱት። በሌላ ጨርቅ ደግሞ ከደረቱ ጋር ላላ አድርገው ይሰሩት። ቀለበትና አምባር ወዲያው ያውልቁ። እጁ ካበጠ በኋላ የሚያወጣው መቁረጫ ብቻ ነው። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ ያህል ያድርጉበት። ምግብና መጠጥ ይቆይ፤ ድንገት ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል።

አሁን ስለ ወጌሻ። ሰዎች ለምን እንደሚሄዱ ይገባኛል። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጎረቤት መስክሮለታል። ለወለምታ ታሽተው የዳኑ ብዙ አሉ። ይህ ግን ወለምታ አይደለም። ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ክንድ ደም ያጣል። ደም ያጣ እጅ መጨረሻው መቆረጥ ሊሆን ይችላል። አሽቶ መመለስም የተቀደደውን ጅማት የበለጠ ይቀደዋል። መሄድዎ ካልቀረ እንኳ መጀመሪያ ራጅ ተነሥተው ይሂዱ እላለሁ። ራጁን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል።

አዲስ አበባ ውስጥ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ወይም 939 ይደውሉ። የመኪና አደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርቱን አይርሱ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ሆስፒታል ሲደርሱ

አዲስ አበባ ላይ ለእንዲህ ያለ ጉዳት ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው የአደጋ ሆስፒታል አቤት ናቸው። በክልል ከተሞችም የአጥንት ስፔሻሊስት ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። የትም ይሂዱ፣ እነዚህ ነገሮች መደረጋቸውን ይከታተሉ።

የነርቭ ምርመራ። ሐኪሙ ከትከሻው በታች፣ ወታደር ዓርማ የሚለጥፍበትን ቦታ ይነካል። እዚያ ላይ ደንዝዞ ከሆነ በአጥንቱ አንገት ዙሪያ የሚዞረው ነርቭ ተጎድቷል ማለት ነው። አብዛኛው በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ካርድ ላይ መጻፍ አለበት። አለዚያ በኋላ "ከአደጋው ነው ወይስ ከቀዶ ሕክምናው?" የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል። የእጅ አንጓው ላይ ያለው የደም ምትም ይታያል።

ራጅ፣ ግን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ከፊት፣ ከጎንና በብብት በኩል፣ ሦስት መነሣት አለበት። ትከሻ ወደ ኋላ ሲወልቅ ከፊት ብቻ በተነሣ ራጅ ላይ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህ በሚጥል በሽታ ወይም ኤሌክትሪክ ሲይዝ ይደርሳል። "አንዷ ትበቃለች" ከተባሉ በትሕትና ይጠይቁ።

ስብራቱ ብዙ ቦታ ከሆነ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ቁራጮቹ የት እንዳሉና ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቁ የሚታየው በእሱ ነው።

ጅማቱስ? በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ ስለሚያግድ "ክንድህን አንሣ" ብሎ መፈተን አይቻልም። ስለዚህ ቀጠሮ ያስፈልጋል። የወለቀው ትከሻ ከተመለሰ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ክንዱ አሁንም ካልተነሣ ጅማቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ይታይ። አልትራሳውንድ የእርግዝና ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ልምድ ያለው ሰው ከያዘው የትከሻ ጅማትን ቅዳድ በደንብ ያሳያል፤ ዋጋውም ከኤምአርአይ በጣም ያነሰ ነው።

በሦስተኛው አራተኛው ቀን የበለዘው ወደ ክርንና ወደ ደረት ይወርዳል፤ ይጠቁራል፣ ይቢጫል። ቤተሰብ ይደነግጣል። ደም በስበት ወደ ታች መውረዱ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ ቀዶ ሕክምና የግድ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። "ብረት ካልገባልኝ አልታከምኩም" የሚል ሰው ብዙ ነው። እንግሊዝ አገር በ250 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ቦታውን የለቀቀ የክንድ አንገት ስብራት ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ በማንገቻ ብቻ ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል የረባ ልዩነት አልተገኘም። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። ለእናትዎ ሐኪሙ "በማንገቻ እንከታተል" ካለ ችላ አላላቸውም።

ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የሚሻልባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ጅማት ያለበት ጉዳይ አብዛኛው እዚህ ውስጥ ይገባል።

ትልቁ ጉብታ ከቦታው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ርቆ ከሆነ አንዱ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ብዙ አይመስልም። ግን ቁራጩ ወደ ላይ ወጥቶ ከገጠመ ክንድ ሲነሣ ከላይ ካለው አጥንት ጋር ይጋጫል፤ ጅማቱም ላልቶ ይቀራል። ከራስ በላይ ለሚሠራ ሰው፣ ለቀለም ቀቢ፣ ለግንበኛ፣ ለስፖርተኛ፣ አንዳንድ ሐኪሞች ከዚህም ባነሰ ርቀት ይወስናሉ። ተሰብሮም ወልቆም መመለስ ያቃተ ትከሻ፣ ክብ ራሱ የተሰነጠቀ፣ አጥንቱ ቆዳ የቀደደ፣ ደም ሥር የተጎዳበትም እንዲሁ። በአደጋው ሙሉ በሙሉ የተቀደደ ጅማት ያለበት ሠራተኛ ሰውም ከዚህ ዝርዝር አይወጣም።

ጊዜ ወሳኝ ነው። ስብራቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቢሠራ ይመረጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁራጮቹ ባሉበት መያያዝ ይጀምራሉ። የተቀደደ ጅማት ደግሞ ይሸሻል፤ ጡንቻው እየመነመነ በስብ ይተካል። ስብ የተካው ጡንቻ ቢሰፋም አያነሣም። አጎቴ ዘግይቶ ተሰፋለት። ዛሬ ጋቢውን ይደርባል። ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ግን ሌላ ሰው ነው የሚያወርድለት።

ሐኪሙን የሚጠይቁት እነዚህን ነው፦

- ጅማቱ ተያይዞ ነው ወይስ ተቀዷል? በምን ታወቀ?
- በማንገቻ ብቻ ብታከም ምን አጣለሁ?
- በክር ነው፣ በብረት ነው ወይስ መገጣጠሚያው ይቀየራል?
- ዕቃው ሆስፒታሉ አለው ወይስ ከውጭ እንገዛለን?
- ፊዚዮቴራፒ መቼ እጀምራለሁ?

የመጨረሻዋን ሳይመልስ የሚያልፍ ሐኪም ካጋጠመዎ ደግመው ይጠይቁት።

ደረጃ 4፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት

ስኳር ካለብዎ ይለካ፣ ይስተካከል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ይናገሩ፤ በራስዎ ግን አያቁሙት። ሲጋራ ያቁሙ። ሲጋራ የአጥንትንም የጅማትንም መግጠም ያዘገያል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳያፍሩ ይንገሩ። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚነካ ማወቅ አለበት። የባህል መድኃኒትም ከሆነ እንዲሁ።

የብብት ፀጉር ቤት ውስጥ በምላጭ አይላጩ። ትናንሽ ቁስሎች ለኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ። ካስፈለገ እዚያው በማሽን ይቆረጣል። ብብትን በሳሙና በደንብ መታጠብ ግን ግዴታ ነው። የጥፍር ቀለም ይጥፋ።

ጠንካራ ምግብ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይቁም፤ ቅባት የበዛበት ከሆነ ስምንት። የተነገረዎትን ሰዓት ያክብሩ። "አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋል" ብሎ በማጉረስ ቀጠሮ ያሰረዘ አስታማሚ አውቃለሁ።

ደረጃ 5፦ ውስጥ ምን ይደረጋል

ብዙ ሰው ይህን ባላውቅ ይሻለኛል ይላል። እኔ ግን ማወቅ ፍርሃት ይቀንሳል ባይ ነኝ። ደግሞ በኋላ "ይህን እንቅስቃሴ አታድርግ" ስንል ለምን እንደሆነ ይገባዎታል።

አንገት ሥር ባለው የነርቭ ስብስብ ላይ ማደንዘዣ ይወጋል። ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣም ይጨመራል። ከዚያ በባሕር ዳርቻ ወንበር ላይ ጋደም እንዳለ ሰው ግማሽ ቁጭ ያደርጉዎታል። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይሰጣል።

የሚቀደደው በአብዛኛው ከትከሻ ፊት ለፊት ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። ሐኪሙ በትከሻ ጡንቻና በደረት ጡንቻ መካከል ባለው ተፈጥሯዊ መስመር ይገባል፤ ጡንቻ መቁረጥ አያስፈልገውም። አንዳንዱ ከጎን ይገባል። ያኔ ያ በአጥንቱ አንገት ዙሪያ የሚዞረው ነርቭ ከትከሻ ጫፍ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ ወደ ታች ብዙ አይሰነጥቅም።

አሁን ዋናው ነገር። ጥሩ ሐኪም ብረቱን ከማስገባቱ በፊት ክር ይይዛል። ጠንካራ፣ የማይሟሟ ክር ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያሳልፋል። ምክንያቱም የጉብታው አጥንት ስስ ነው፤ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይሆናል። ብሎን አይዝም። ጅማቱ ከአጥንቱ ይልቅ ጠንካራ ነው። በእነዚያ ክሮች ቁራጮቹን እንደ ልጓም እየሳበ ወደ ቦታቸው ይመልሳል።

ከዚያ ብረቱ ከአጥንቱ ጎን ይቀመጣል፤ ከትልቁ ጉብታ ጫፍ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ። ከፍ ካለ ክንድ ሲነሣ ይጋጫል። ብሎኖቹ ብረቱ ላይ የሚቆለፉ ናቸው። በተንቀሳቃሽ ራጅ እያየ ብሎን ወደ መገጣጠሚያው አለመውጣቱን ያረጋግጣል። መጨረሻ ላይ ክሮቹ ብረቱ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ይታሰራሉ። ጅማቱ ሲስብ ጭነቱ ወደ ብረቱ ይሄዳል፤ ቁራጩ አይነቃነቅም።

የተሰበረው ጉብታው ብቻ ከሆነ ሰፊ ብረት ላያስፈልግ ይችላል። በብሎን ወይም ክር በተያያዘባቸው ትናንሽ ችንካሮች ይታሰራል። ጅማቱ መሐል ላይ ከተቀደደም በእነዚህ ችንካሮች ተመልሶ አጥንቱ ላይ ይሰፋል።

ክብ ራሱ ተፈረካክሶ፣ ጅማቱም ተበልቶ፣ ዕድሜውም ወደ 70 ከሆነስ? ያኔ የሚታሰበው የተገለበጠ መገጣጠሚያ ነው። ዛሬ የሚሠራበትን ዓይነት የነደፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ግራሞን ነው፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፤ ሐሳቡ በጣም ብልህ ነው። ኳሱን ከክንዱ አንሥቶ ትከሻው ላይ፣ ጎድጓዳውን ደግሞ ክንዱ ላይ አደረገው። ሲገለበጥ ክንድን የማንሣቱ ሥራ ከተቀደዱት ጅማቶች ወደ ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ይዞራል። እንዲህም ሆኖ ጉብታዎቹን መልሶ ማሰር አይቀርም። ክንድን ወደ ውጭ ለማዞር ያስፈልጋሉ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ሲነቁ ክንድዎ የለም ይመስልዎታል። በነርቩ ማደንዘዣ ምክንያት ነው። በዚያው በኩል የዓይን ሽፋን ወደቅ ሊል፣ ድምፅ ሊጎረንን፣ ትንፋሽ ትንሽ ሊያጥር ይችላል። "ስትሮክ መታው!" ብሎ የሚጮኽ ዘመድ አይጠፋም። ማደንዘዣው ሲለቅ ይለቃል። ትንፋሹ ከከበደ ግን ለነርሷ ይንገሩ።

ማደንዘዣው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይና ሌሊት ላይ ድንገት ይለቃል። የሕመም ማስታገሻ የሚዋጠው ከዚያ በፊት ነው። ሕመሙ ከመጣ በኋላ ማባረር ከባድ ነው።

እንቅልፍ ጋደም ብሎ ነው፤ ጀርባን በሦስት ትራስ ደግፈው፣ ክርን ሥር ደግሞ አንድ ትራስ። ሲለብሱ የተጎዳው ክንድ መጀመሪያ ይገባል፤ ሲያወልቁ መጨረሻ ይወጣል። ብብት እንዳያልብና እንዳይቆስል ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉ። የቆዳው ክር ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል።

ጾም ከሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋል። ሕመምተኛ ይፈቀድለታል ብለው ብዙ አባቶች ራሳቸው ይመልሱታል። ካልሆነም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ይብዛ።

ጠያቂ ሲመጣ በትከሻ ሰላም እንዳይልዎ ከበሩ ጀምሮ ይነገር። ይህን የምለው አይቼ ነው።

ትኩሳት፣ መግል ወይም የማያቆም ፈሳሽ፣ የጣቶች መጥቆር ወይም መቀዝቀዝ፣ "ቋ" ብሎ የመጣ አዲስ ሕመም፣ የባት እብጠት ወይም የደረት ውጋት ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። የዚያኑ ቀን ይሂዱ።

ደረጃ 7፦ ፊዚዮቴራፒ

እዚህ ላይ ትንሽ ልንዛዛ፤ ሥራዬ ነው። ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣል። አንዱ ፈርቶ ሦስት ወር ሙሉ ክንዱን ያላንቀሳቀሰ፣ ትከሻው የደረቀ። ሌላው በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካን አንሥቶ ክሩን የበጠሰ። የሚከተለው የተለመደው አካሄድ ነው። ሐኪምዎ ሌላ ካለ የእሱ ይቅደም፤ ክሩ ምን ያህል እንደያዘ ያየው እሱ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣት፣ አንጓና ክርን ይንቀሳቀሱ። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት፣ ማወዛወዝ ይጀመራል። በደህናው እጅ ጠረጴዛ ይደገፉ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ የተጎዳው ክንድ ይንጠልጠል። እንደ ጽና ይወዛወዝ። የሚያወዛውዘው ወገብዎ ነው እንጂ ትከሻዎ አይደለም። ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራቴ።

እስከ ስድስተኛው ሳምንት ክንዱን በራሱ ጉልበት ማንሣት ክልክል ነው። የተሰፋው ጅማት ገና አልያዘም። በደህናው እጅ እየደገፉ ማንሣት ግን ይቻላል። በጀርባ ተኝተው መቋሚያ ወይም ዱላ በሁለት እጅ ይያዙ፤ ደህናው ይገፋል፣ የተጎዳው ይከተላል። ትንሹ ጉብታ ወይም እሱ ላይ ያለው ጅማት ከተሰፋ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ገደብ አለው፤ ገደቡን ይጠይቁ። በዚህ ጊዜ በዚያ እጅ ከቡና ሲኒ የከበደ ነገር አይነሣም። ጀበና አይታሰብ።

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ራጁ ደህና ከሆነ ማንገቻው ይቀራል፤ ክንዱ በራሱ ይነሣል። ግድግዳ ላይ በጣት መውጣት ጥሩ ነው። የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ነገ ከምልክቱ በላይ ለመድረስ መጓጓት አይቀርም። ትከሻው ወደ ጆሮ እየተሳበ ከሆነ ግን እያጭበረበሩ ነው፤ መስታወት ፊት ይሥሩ።

ጡንቻ ማጠንከር ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ነው፤ በላስቲክ ይጀመራል። ነጠላ ማጣፋት፣ ጋቢ መደረብ፣ ፀጉር ማበጠር በዚህ ሰሞን ይመለሳሉ። ከባድ ሥራ ስድስት ወር ገደማ ይጠብቃል። እስክስታም እዚያው ነው። መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል። በአራተኛው ወር "በቃ እዚህ ቀረሁ" ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ብዙ አያለሁ፤ ገና ነው።

ራጁን በቀጠሮው ይነሡ። ብሎን ወደ መገጣጠሚያው ሊወጣ፣ ክብ ራሱም ደም አጥቶ ቀስ በቀስ ሊሞት ይችላል። ይህ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይታያል። ጥሩ የነበረ ትከሻ ድንገት መታመም ከጀመረ "ብርድ ነው" ብለው አይለፉት።

ብረቱ ይውጣ?

በአብዛኛው አይወጣም። ካልጎረበጠ፣ ካልተጋጨ፣ ኢንፌክሽን ከሌለ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። "ብርድ ሲሆን ያመኛል" ብቻውን ለሌላ ቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም።

የቀዶ ሕክምናው ወረቀት ላይ የብረቱ ዓይነትና ያመረተው ድርጅት መጻፉን ያረጋግጡ። ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። በተለይ ዓረብ አገር ወይም አውሮፓ ተሠርቶላቸው ወደ አገር ቤት ለሚመለሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የብሎኑ መፍቻ እንደየአምራቹ ይለያያል። ብረቱን ማውጣት ያለበት ሐኪም ትክክለኛውን መፍቻ የሚያገኘው በዚያች ወረቀት ነው።